የውሻ ኩላሊት እጥበት ከጎንደር ሲታይ

«ሰው እጥበት አጥቶ እየሞተ የውሻ እጥበት ታወራለህ?» ስለ እንስሳት ዲያሊሲስ ጎንደር አራዳ ገበያ አካባቢ ቡና ይዞ ወሬ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄውን እንደ ቀልድ አልፎ መሄድ አይገባም። የኩላሊት እጥበት ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል፣ ንቅለ ተከላ ካልተገኘ ደግሞ ዕድሜ ልክ። መጀመሪያ በሬው ይሸጣል፣ ቀጥሎ ቤቱ ይሸጣል፣ ከዚያ የታማሚው ፎቶ ከባንክ ሒሳብ ቁጥር ጋር በየስልኩ ይዞራል። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እጥበቱ ራሱ ወደ ጎንደርና ባሕር ዳር ሆስፒታሎች እስኪደርስ ድረስ የሰሜኑ ሕመምተኛ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ይታጠብ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ስለ ውሻ ኩላሊት መጻፍ ድፍረት ይመስላል። የኔ ሐሳብ ግን እንዲህ ነው፤ ተቃውሞው ማሽኑን በሚመለከት ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ እውቀቱን በሚመለከት ግን ስህተት ነው። ሁለቱን ለይተን ካላየን ወይ የማይሆን ማሽን እንመኛለን፣ ወይ የሚጠቅመንን ትምህርት ከማሽኑ ጋር አብረን እንጥላለን።

ሲጀመር ማሽኑ ከውሻ የመጣ ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆን ጄከብ ኤብል የተባለ የመድኃኒት ሳይንስ ሊቅ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የውሻን ደም ከሰውነቱ አውጥቶ፣ ኮሎዲዮን ከተባለ ስስ ነገር በተሠሩ ቱቦዎች ውስጥ አሳልፎ፣ ቱቦዎቹ ከተነከሩበት ፈሳሽ ጋር ቆሻሻውን አለዋውጦ፣ ደሙን ወደ ውሻው መለሰው። ደሙ በቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ የተጠቀሙበት መድኃኒት የተጨመቀው ከአልቅት ነበር። ከብቶቹን ከኩሬ ሲያጠጣ ከአፍና ከአፍንጫቸው አልቅት ሲነቅል ያደገ የደጋ ልጅ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ አልቅቷ የነከሰችበት ቦታ ደሙ ቶሎ የማይረጋው እንዲህ ባለ ንጥረ ነገር የተነሳ ነው። ሰውን በዚህ መንገድ የሞከረው ጀርመናዊው ጌኦርግ ሃስ ሲሆን ጊዜው 1924 ነው። ቀጥሎ በ1943 እ.ኤ.አ. ናዚ በያዛት ሆላንድ፣ ካምፐን በምትባል ከተማ፣ ቪለም ኮልፍ የተባለ ወጣት ሐኪም የቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፎንን በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ጠምጥሞ ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቹ እየተከታተሉ ሞቱ። በሕይወት ተርፋ ወደ ቤቷ የሄደች የመጀመሪያዋ ሴት የተገኘችው በ1945 ነው።

ውሻው ግን ለረጅም ጊዜ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቀረ። ያስተማረው ሕክምና ለራሱ ተመልሶ የደረሰው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ላሪ ካውጊል የተባሉት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የውሻና የድመት እጥበትን ወደ መደበኛ ሕክምና አሳደጉት፤ በኒው ዮርክ የሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ማዕከልም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ የእንስሳት እጥበት ክፍሎች አሉ። የሚጠቀሙበት ማሽን በአብዛኛው ለሰው የተሠራው ራሱ ነው፤ የሚቀየረው ማጣሪያውና ቱቦው ነው።

አሠራሩ ለማስረዳት ከባድ አይደለም። ጨው የበዛበትን ሥጋ በውሃ ዘፍዝፈን ውሃውን እየቀያየርን ጨውን እንደምናወጣው ሁሉ፣ ደሙ በስስ ማጣሪያ በአንዱ በኩል፣ የተዘጋጀው ንጹሕ ፈሳሽ በሌላው በኩል ያልፋል፤ ዩሪያ፣ ክሬቲኒንና የበዛ ፖታሲየም ብዙ ካለበት ወደ ሌለበት ይሻገራሉ። ለሰው ቋሚ ሕመምተኛ ክንዱ ላይ የደም ሥር በቀዶ ሕክምና ይገናኛል። ለውሻ ብዙውን ጊዜ አንገቱ ላይ ባለው ትልቅ የደም መልስ ሥር ሁለት ቀዳዳ ያለው ካቴተር ይገባል። ደሙ እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል።

አስቸጋሪው የደም መጠን ነው። ጎልማሳ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። 15 ኪሎ የሚመዝን የመንደር ውሻ ከ1 ሊትር ብዙም የማይበልጥ ደም ነው የያዘው። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት ደግሞ ሩብ ሊትር ያህል ብቻ። ለአዋቂ ሰው የተሠራ ቱቦና ማጣሪያ ይህችን ድመት ሙሉ ደሟን ይወስድባታል ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ለጨቅላ ሕፃን የተሠራ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ አንዳንዴ ቱቦው አስቀድሞ በለጋሽ ደም ይሞላል። በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ በቅሎና ፈረስ አሉ፤ ከ20 ሊትር በላይ ደም የያዘን እንስሳ ማሽኑ ላይ አቁሞ ማጠብ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ጊዜ ብቻ የተሞከረ ነው። ቆሻሻውን በአንድ ጊዜ ሙልጭ አድርጎ ማውጣትም አይቻልም። ዩሪያ ከደም በፍጥነት ሲወርድ አንጎል ውስጥ የቀረው ውሃ ስለሚስብ አንጎል ያብጣል፣ ውሻው ይንቀጠቀጣል፣ ሊሞትም ይችላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው እጥበት ሆን ተብሎ ደካማ የሚደረገው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። እጥበት ኩላሊትን አያድንም። ቀን ይገዛል። በድንገት የተመታ ኩላሊት፣ ለምሳሌ በመርዝ ወይም በሌፕቶስፓይራ ባክቴሪያ የተጎዳ፣ ራሱን ለመጠገን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል፤ ያለ እጥበት ውሻው ያን ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ በእንስሳት ሕክምና ውስጥ እጥበት የሚመረጠው በዋናነት ለድንገተኛ ጉዳት ነው። ለእጥበት ከሚቀርቡት እንዲህ ዓይነት ውሾችና ድመቶች መካከል ግማሽ ያህሉ ይተርፋሉ፤ በሌፕቶስፓይሮሲስ የታመሙት ውጤታቸው ከዚህ በጣም የተሻለ ነው። ቀስ በቀስ ያለቀ ኩላሊት ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ሰው «ዕድሜ ልኬን እታጠባለሁ» ብሎ ይወስናል፤ ውሻ አይወስንም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ታስሮ የሚውልበትን ምክንያትም አያውቅም። ባለቤቱም ቢሆን ወጪውን አይችለውም፤ በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ብዙ ሺህ ዶላር ያስወጣሉ።

በዚህ ላይ የጎንደርን ነገር ጨምሩበት። በማጣሪያው ሌላኛው ጎን የሚያልፈው ፈሳሽ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ነው። በአራት ሰዓት 120 ሊትር ይሆናል፤ ውሃው ደግሞ ዝም ብሎ የቧንቧ ውሃ ሳይሆን በልዩ ማጣሪያ የጠራ መሆን ስላለበት፣ ከዚያ የበለጠ ውሃ ገብቶ ከፊሉ ይደፋል። ከአንገረብ ግድብ የሚመጣውን ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ከተማ፣ ግድቡም በደለል እየተሞላ ባለበት ሁኔታ፣ ይህን ውሃ ለሰው ማጠቢያ ማቅረቡ ራሱ ትግል ነው። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ በቱቦው ውስጥ ያለው ደም የማን እንደሆነ እናስብ። ማጣሪያው፣ ቱቦው፣ ሄፓሪኑ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ስለዚህ ፍርዴን አላድበሰብስም፤ ጎንደር ውስጥ ለእንስሳት የእጥበት ማሽን መግዛት ዛሬ አይገባም። በእርዳታ ቢመጣም፣ አሮጌ ቢሆንም፣ ነፃ ቢሆንም። ነፃ ማሽን ማጣሪያና ውሃ በነፃ ይዞ አይመጣም።

ታዲያ እዚሁ ላይ ጽሑፉን መዝጋት ነበረብን፤ ግን የእንስሳት እጥበት ክፍሎች ለዓመታት ሲሠሩ ያወጡት ነገር ከማሽኑ ይበልጣል። ታካሚው ሁሉ ዘግይቶ ሲመጣባቸው፣ ኩላሊቱ ለምን እንደተመታና መቼ ሊታወቅ ይችል እንደነበር ወደ ኋላ ሄደው ለመፈለግ ተገደዱ። ያገኙት ነገር ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል።

አንደኛው ሌፕቶስፓይሮሲስ ነው። ባክቴሪያው በአይጥና በሌሎች እንስሳት ሽንት ይወጣል፣ ክረምት ላይ በተጠራቀመ ውሃና ጭቃ ውስጥ ይቆያል፣ በቆሰለ ቆዳ ወይም በአፍና በዓይን ስስ ሽፋን በኩል ይገባል። ውሻው ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይቀንሳል። በኢትዮጵያ በቤትና በዱር እንስሳት ላይ የተደረገ የደም ምርመራ በ1975 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ በፈረሶችና በላሞች ላይ ምልክቱ በብዛት ተገኝቷል። እኛ ጋ ግን ትኩሳት ሁሉ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው፣ የውሻ ሞት ሁሉ ደግሞ «መርዝ በልቶ ነው»። በየሥጋ ቤቱ ደጃፍ አጥንት የሚጠብቀው ውሻ በሽንቱ ባክቴሪያ የሚረጭ ከሆነ፣ በዚያው ጎዳና በባዶ እግሩ የሚሄደው ልጅ ኩላሊትም አደጋ ላይ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ ባክቴሪያውን የሚገድለው ፔኒሲሊንና ዶክሲሳይክሊን ነው፤ በየመድኃኒት ቤቱ ያለ፣ ርካሽ መድኃኒት።

ሁለተኛው ካላዛር ነው፤ ይህ ደግሞ የጎንደር የራሷ ቁስል ነው። ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በሽታውን ይዞ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በሊቦ ከምከም የተነሳው ወረርሽኝ በሽታው ከቆላው ወጥቶ ደጋው ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል አሳይቷል። በሜዲትራኒያን አካባቢ የዚሁ ቤተሰብ ጥገኛ ተውሳክ ዋና ተሸካሚ ውሻ ነው፣ ውሻውን በመጨረሻ የሚገድለውም አብዛኛውን ጊዜ የኩላሊት መድከም ነው፤ ሰውነቱ ተውሳኩን ለመዋጋት ያመረተው ነገር በኩላሊቱ ማጣሪያ ላይ እየተጠራቀመ ይዘጋዋል። እኛ ጋ ያለው ዝርያ የተለየ ነው፣ በዋናነትም ከሰው ወደ ሰው በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል ተብሎ ይታመናል። ቢሆንም በሊቦ ከምከምና በሁመራ አካባቢ በተደረጉ ጥናቶች የተያዙ ውሾች ተገኝተዋል። የውሻው ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም። እንዲዘጋ ከተፈለገ የሰው ሐኪሙና የእንስሳት ሐኪሙ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ጎንደር ላይ ሁለቱም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ናቸው፤ የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከሉም እዚያው ነው። ካላዛርን የሚያክሙ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ አምፎቴሪሲንን የመሰሉት፣ ራሳቸው ኩላሊት ስለሚጎዱ የማዕከሉ ሐኪሞች ክሬቲኒን መከታተል የየዕለት ሥራቸው ነው።

ሦስተኛው በቅሎዋ ነች። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ ጭነት ተሸክማ የምትወጣ በቅሎ፣ ወይም ከተማ ውስጥ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ፣ ቀናት አርፎ ገብስ ሲበላ ከርሞ በድንገት ከባድ ሥራ ላይ ሲውል ጡንቻው ሊፈራርስ ይችላል። እግሩ ይደርቃል፣ ያልበዋል፣ ሽንቱ ቡና ይመስላል። ቡና ያስመሰለው ከጡንቻው የወጣው ንጥረ ነገር ነው፤ ኩላሊቱን የሚመታውም እሱው ነው። ባለቤቱ «ደንዝዞ ነው» ብሎ እየደበደበ ሊያስኬደው ቢሞክር የቀረውን ጡንቻ ያፈርሰዋል። ለዚህ እንስሳ እጥበት አይታሰብም። እንዲቆም፣ እንዲጠጣ፣ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥሩ እንዲገባለት ማድረግ ነው ሕክምናው፤ ይህን ደግሞ ማንኛውም የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሊሠራው ይችላል።

ስለ ኩላሊት ካነሳን አይቀር የሰሜን ተራሮችን ጥንብ አንሳ ሳላነሳ አላልፍም፤ ከጉዳዩ የራቀ ቢመስልም መሃሉ ላይ ነው። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጥንብ አንሳዎች እንደ ቅጠል ረገፉ፤ በአንዳንድ ዝርያዎች ላይ ጉዳቱ ከመቶ 95 በላይ ደረሰ። ምክንያቱ በ2004 እ.ኤ.አ. በይፋ ታወቀ። ላም ስታነክስ የሚሰጣት ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ነበር። ላሟ ከሞተች በኋላ ጥንቡን የበላው ወፍ ኩላሊቱ ቆሞ፣ የሽንት አሲድ በሆድ ዕቃው ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ተከምሮ ይሞታል። ሦስቱ አገሮች መድኃኒቱን ለእንስሳት ከልክለው ሜሎክሲካም የተባለውን ወፎቹን የማይጎዳ መድኃኒት ተኩበት። ጥንብ አንሳው ሲጠፋ ግን ጥንቡ አልጠፋም፤ የባዘኑ ውሾች በሉት፣ በዙ፣ ከእነሱ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት አደገ።

ይህን ሰንሰለት ወደ ሰሜን አምጡት። እዚህ ያሉት ትላልቆቹ ጥንብ አንሳዎች የሕንዶቹ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ በአፍሪካ ዝርያዎች ላይ በተደረገ ሙከራም ዳይክሎፌናክ እንደሚገድላቸው ተረጋግጧል። ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ዳር ያለው የመንደር ውሻ ደግሞ ከቀይ ቀበሮ ጋር አንድ መስክ ይጋራል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ነው የቀሩን፤ በባሌ ተራሮች ከመንደር ውሻ የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ፣ በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ.፣ ብዙዎቹን ገድሏል። የሰሜኖቹ በቁጥር ከባሌዎቹ በጣም ያነሱ ናቸው። አንድ ወረርሽኝ ይበቃቸዋል። እንግዲህ የአንድ ወፍ ኩላሊት መቆም በውሻ መብዛት በኩል ዞሮ የቀበሮ መጥፋትን ሊያመጣ የሚችልበት መንገድ አለ፤ በዚህ መንገድ ላይ የትኛውም ማሽን የሚቆምበት ቦታ የለም።

ስለዚህ ለጎንደር የእንስሳት ክሊኒኮች ምን ይገዛ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው። ሪፍራክቶሜትር። የእጅ መዳፍ የማይሞላ፣ መብራት የማይፈልግ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ሽንት ጨምረው ወደ ብርሃን እያዩ የሽንቱን ውፍረት የሚያነቡበት መሣሪያ ነው። የክሬቲኒን ምርመራ ከፍ ብሎ የሚታየው ኩላሊቱ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን አቅሙን ካጣ በኋላ ነው፤ ሽንቱን የማወፈር ችሎታው ግን ከዚያ ቀድሞ ይጠፋል። ውሃ የጠማው፣ የደረቀ ውሻ ሽንቱ በመሣሪያው ላይ ከ1.030 በታች ካነበበ ሐኪሙ ቆም ማለት አለበት። ለሰው የተሠራው የሽንት ወረቀት ይህን መጠን ለእንስሳት በትክክል አያነብም፤ ስለዚህ በወረቀቱ ተማምኖ መሣሪያውን መተው አያዋጣም።

ለድንገተኛው ጉዳት ደግሞ በሆድ የሚደረግ እጥበት አለ። ማጣሪያው የእንስሳው የራሱ የሆድ ዕቃ ሽፋን ነው። ንጹሕ ፈሳሽ በካቴተር ወደ ሆድ ይገባል፣ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይቆያል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። በየሆስፒታሉ ከሚገኘው ሪንገር ላክቴት ላይ ግሉኮስ ተጨምሮ ፈሳሹን ማዘጋጀት ይቻላል። ቀላል ነው አልልም፤ የሆድ ስብ ካቴተሩን ይዘጋዋል፣ ንጽሕናው ከተጓደለ ሆድ ይመግላል፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚነቃ ሰው ይፈልጋል። ግን ሌሊት የሚነቃ ተማሪ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ አይጠፋም። በውሻ ላይ እጁን ያፍታታ ሐኪም፣ ነገ የቀይ ቀበሮ ግልገል ተመርዞ ቢመጣለት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እንዲህ ዓይነቱ እጥበት ለሰውም፣ በተለይ በድንገት ኩላሊታቸው ለቆመ ሕፃናት፣ ማሽን በሌለባቸው አገሮች የሚመከር ነው፤ ስለዚህ የሰውና የእንስሳት ሐኪሞቹ እርስ በርስ የሚማማሩበት ጉዳይ ነው።

የጎንደርን ታሪክ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይሆንበትም። በ1953 እ.ኤ.አ. ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ጨረሰ። በማግስቱ ዓመት የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ትልቅ ሆስፒታልና ውድ መሣሪያ ብቻ አላለም፤ የጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ በአንድ ቡድን አሰልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። የዛሬው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የዚያ ቤት ልጅ ነው። መጀመሪያ ያነሳሁትን የአራዳውን ጥያቄ ለሚጠይቀኝ የምሰጠው መልስም ከዚህ የወጣ ነው፤ ለውሻ ማሽን ከሰው አፍ የሚነጠቅ ገንዘብ አይኑር፤ የውሻን ሽንት መመርመር ግን ከሰው ምንም አይነጥቅም፤ እንዲያውም በሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በሽታውን ያሳየዋል።

የቀረኝ ልመና ነው። የእንስሳት መድኃኒት የምትሸጡ ወገኖች፣ በተለይ ደባርቅ፣ ዳባትና ጃናሞራ ያላችሁ፦ በሬ ወይም በቅሎ አነከሰ ብሎ ለሚመጣ ገበሬ፣ ለሰው ተብሎ የመጣም ቢሆን፣ ዳይክሎፌናክ አትስጡ። ሜሎክሲካም ጠይቁ፣ አስመጡ። ዳይክሎፌናክ የተወጋ ከብት ከሞተም ሜዳ ላይ አይጣል፤ ይቀበር።